የጊኒ ፒጎቹ ትርፍ ቤት

እኔ የምለው... ላጤ ሆኖ የሰው እንስሳ በአደራ የሚቀበል ሰው ጤነኛ ነው ትላላችሁ? በጭራሽ! ላጤ ራሱን እንኳን በቅጡ የማያኖር ፍጡር ነው። ለሐሜት ብዬ አይደለም። በደርግ ጊዜ ነገሌ ቦረና ስሠራ በገዛ ራሴ ላይ ስለደረሰ ነው።

የምሠራበት ሐኪም ቤት አንዲት ፈረንጅ ሐኪም ነበረች። ለዕረፍት አገሯ ስትሄድ የልጇን ሁለት ጊኒ ፒጎች እኔ ላይ ጣለችብኝ። ጊኒ ፒግ አታውቁም? ጭራ የሌለው፣ ፀጉሩ የተበጠረ፣ በልቶ የማይጠግብ ወፍራም አይጥ አስቡ... እሱ ነው። ስሙ ውስጥ አሳማ እንዳለበት አውቃለሁ። ግን ጎረቤቶቼ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ስለሆኑ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም! ልጅቷ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ በተሰባበረ አማርኛዋ፣

"ስመለስ አገኛቸዋለሁ?" አለችኝ።

"በሕይወቴ!" አልኳት። ጉራዬን አያችሁልኝ?

መጀመሪያ ቤት ውስጥ አኖርኳቸው። ፍራሼን ቦርቡረው ጭዱን በሉት፤ ሽንታቸው ደግሞ ጎረቤት ድረስ ሸተተ። በጣውላ ሳጥን አድርጌ ደጅ ሳወጣቸው የነገሌ የቀትር ፀሐይ ዘረራቸው። ውሃ ረጭቼ ነፍስ ዘራሁባቸው ስል፣ ሸለምጥማጥ ሳጥኑን በጥፍሩ ሲቧጥጥ ደረስኩበት። የልጅቷ ፊት መጣብኝ፤ ጨነቀኝ። ነፋስ የሚገባው፣ አውሬ የማይገባው ቤት ያስፈልጋቸዋል።

ጎረቤቴ ኦቦ ጋልጋሎ ዘንድ ሮጥኩ።

"አካም ኦቦ ጋልጋሎ! እንደው አንዲት ትንሽ ጎጆ ቢሠሩልኝ..."

"እኔ?" ሽማግሌው በሳቅ ፈረሱ። "ቤት የሚሠራ ሴት ነው፣ ልጄ! ድራሞን ለምን።"

እውነታቸውን ነው፤ ቦረና ዘንድ ቤት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ባለቤታቸው እማማ ድራሞ ጊኒ ፒጎቹን አገላብጠው አዩና ቤቱ የሚቆምበትን ቦታ በእርምጃ መለካት ጀመሩ።

"እማማ፣ በዛ! እነሱ እኮ እፍኝ አይሞሉም።"

"ላኪ! አይሆንም! ሰው ጎንበስ ብሎ የማይገባበት ቤት ሠርቼ አላውቅም። እንግዳ ሲመጣባቸው ውጭ ይቁም?"

"የምን እንግዳ?"

"ቤት ሲኖር እንግዳ ይመጣል" አሉና ወደ ሥራቸው።

እማማን ማን ይመልሳቸዋል! ከትልቁ ግራር ጥላ ሥር እንጨት ጎበጥ ጎበጥ አድርገው ተከሉ፣ ሣር አለበሱት። ጎርፍና እባብ እንዳይገባ ወለሉን በድንጋይና በርብራብ ከፍ አደረጉት። እኔ ባመጣሁት ወንፊት ሽቦ መስኮት አበጁለት፣ ዙሪያውን በእሾህ አጠሩት። አንድ ወገን መኝታ፣ ሌላው ወገን ጓዳ! "እማማ፣ ጓዳ ለምን?" ብል፣ "እህላቸውን ሜዳ ላይ ሊያኖሩት ነው?" ብለው ገላመጡኝ። ቤቱ እንዴት ቀዝቃዛ መሰላችሁ! የእኔ ቆርቆሮ ቤት ምድጃ ሲሆንብኝ፣ እነሱ እዚያ ተንፈላሰው ሣራቸውን እየቆረጣጠሙ ያፏጫሉ። ቀናሁባቸው፣ ምን እዋሻለሁ።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ያኔ አንድ ሰው ከአንድ ቤት በላይ ካለው ትርፍ ቤት ይባልና ይወረሳል። ሊቀመንበሩ ጠመንጃ ካነገቱ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ከች አሉ።

"ጓድ፣ ትርፍ ቤት ሠርተሃል!"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ የእንስሳት ቤት ነው።"

"ጓዳ አለው?"

"አለው... ግን..."

"መኝታስ?"

"አለው..."

"አጥር አለው። ታዲያ ምን ቀረው? መብራት?"

ቤቱ ከተወሰደ እንስሳቱ ወደ ሳጥኑ፣ ወደ ፀሐዩ፣ ወደ ሸለምጥማጡ! ልጅቷን ምን እላታለሁ?

"እባክዎ ይግቡና ይዩት" ብዬ ለመንኩ።

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብለው ገቡ። ቆዩ። በጣም ቆዩ... ቅዝቃዜው ሳይጥማቸው አልቀረም። ባርኔጣቸው ላይ ሣር ይዘው ወጡ።

"ስንት ናቸው አልክ?"

"ሁለት።"

"ቁጥር አታውቅም እንዴ? ልጆቹስ?"

ዘልዬ ስገባ... እናትየው ወልዳለች! እኔ እኮ በመብላት የወፈረች መስሎኝ ነበር። ግልገሎቹ ከነፀጉራቸው፣ ዓይናቸውን ገልጠው የተወለዱ ናቸውና፣ ገና ከአሁኑ ሣር ይጎትታሉ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሰፊ ቤተሰብ ይኖርበታል። ስለዚህ ይህ ቤት ትርፍ አይደለም።"

እልል ልል ምንም አልቀረኝ! እግራቸው ላይ ልወድቅ ስንደረደር እሳቸው ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮ ቤቴ አዙረዋል።

"እዚያኛውስ ውስጥ ስንት ናችሁ?"

"እኔ... ብቻዬን።"

"ስንት ክፍል ነው?"

"ሁለት..."

አብዮት ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ቀበሌው አንዱን ክፍል የሚጋራኝ ደባል መድቦልኝ ነበር። ሰውየው የቀበሌው ኪነት ቡድን ጥሩምባ ነፊ ነው። ለሰልፍ ይለማመዳል፤ ጥርሱን ሳይፍቅ ይለማመዳል፤ ምሳ እየበላ እንኳን፣ ባይነፋ በጣቱ ይለማመዳል! ጠረጴዛዬ ከነብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። ቻልኩት፣ ቻልኩት... ከዚያ አልቻልኩትም።

ልጅቷ እንዳለችው ተመለሰች። የእሾሁን በር ገፋ አድርጋ ጎንበስ ብላ ገባች። ጊኒ ፒጎቿ ከነልጆቻቸው ድልብ ብለዋል። በደስታ ጮኸች። ቀጥሎ ዓይኗ መኝታው ወገን፣ ብርድ ልብስ ላይ የተጋደመው ሰው ላይ አረፈ።

"አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ደባል ነኝ" አልኳት።