በሩ ጓዳ የተኛበት ቤት

ትናንት ቀትር ላይ፣ ታናሽ እህቴን ትርንጎን ሆስፒታል ሳስታምም ወንበር ላይ አሸለበኝና በሕልሜ ጉድ አየሁ። ትርንጎ የስኳር ሕመምተኛ ናት። እኔ ደግሞ ራሴው ስኳር ሆኜ በደሟ ውስጥ እንሳፈፋለሁ።

ደሟ የገበያ ቀን ይመስል ነበር። እንደኔ ያለ ስኳር ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል። ከፊታችን ግድግዳው በቅባት የተሠራ አንድ ቤት ቆሟል፤ የሰውነቷ አንዱ ሕዋስ ነው። ከውስጥ ልጆች «ራበን! ራበን!» እያሉ ያለቅሳሉ። ምግቡ ደጅ ተሰልፎ በላተኛው ቤት ውስጥ ይራባል።

ኦክስጅን የሚሉት ቀጭን ሰውዬ ሳያንኳኳ በግድግዳው ሾልኮ ገባ። ልከተለው ብዬ ብወረወር ቅባቱ መልሶ ተፋኝ። ደገምኩ፤ አሁንም ተፋኝ።

የቤቱ ዘበኛ እየሮጠ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ።

«ጌታዬ፣ በሞቴ ይግቡልን! ልጆቹ ቢርባቸው የቤቱን ማገር እያነደዱ ነው።»

እውነትም ጭሱ ይቆመጥጣል።

«በየት ልግባ? በሩ የታለ?»

«ጓዳ ተኝቷል።»

«በር ይተኛል እንዴ?»

«እኛ ዘንድ ቀስቃሽ ካልመጣ አይነሳም። ቀስቃሹ ኢንሱሊን ነው፤ እሱም ከጠፋ ሰነበተ።»

«እንግዲያው እስኪመጣ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

የደሙ ጎርፍ ወደ ኩላሊት ሊወስደኝ ጎተተኝ። ጓደኞቼን ጠራርጎ ወሰዳቸው። እኔ ጥፍሬ እስኪላላጥ ግድግዳውን ሙጭጭ አልኩ።

በመጨረሻ ኢንሱሊን መጣ፤ ላብ ያጠመቀው አጭር ሰው ነው። አልገባም። ግድግዳው ላይ ያለውን ደወል ደውሎ መንገዱን ቀጠለ። ጓዳው ተንጫጫ። በሮቹ ዓይናቸውን እያሹ፣ እየተንጠራሩ መጡና ግድግዳው ላይ ተሰኩ።

አንዷ በር አፏን ወደ እኔ ከፈተች።

«ግባ። ግን የፊትና የኋላ አፌን ባንዴ አልከፍትም፤ ታገስ።»

ዋጠችኝ። የፊት አፏን ዘጋች። ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ከዚያ የኋላ አፏ በቀስታ ሲገለጥ ወደ እኔ የተዘረጉ ትንንሽ ጣቶች አየሁ።

«ጋሼ! ጋሼ፣ ተነስ!»

ትርንጎ ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል። ነርሷ አጠገቧ ቆማለች።

«ኢንሱሊን እኛ ጋ አልቋል፤ ቶሎ ከውጭ ፈልግላት» አለችኝ።

እየሮጥኩ ወጣሁ። መንገዱ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት «ለምሳ ወጥተናል» የሚል ወረቀት ለጥፏል። በመስኮቱ ብመለከት ሻጩ ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ያንኮራፋል።

መስታወቱን በቡጢ መደብደብ ጀመርኩ።