ግፊት የሚያማርጡ ሰዎች

አንባቢዬ፣ የደም ግፊቱን እንደ ቲማቲም የሚያማርጥ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኛ ሞያሌዎች ሞልተውልናል! በኬንያ በኩል ተለክተው ከፍ ካለባቸው ወደ ኢትዮጵያ ይሻገሩና ዝቅ ያለውን ቁጥር ይዘው ይመለሳሉ። አዋጪ ገበያ አይደለም?

ጎረቤቴ ባለሆቴሉ ጋሽ ግርማ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ድንበር ተሻገሩ። የኬላው ፖሊስ፣ በስዋሂሊ ሽማግሌውን አክብሮ «ምዜ፣ ደግሞ መጡ?» ብሎ ኮንትሮባንድ ፍለጋ ኪሳቸውን ቢፈትሽ፣ ያገኘው ያልተከፈተ የግፊት ኪኒን ነው። በመጨረሻ እያለከለኩ ሱቄ ደረሱ።

«ሰናይት፣ የምሥራች! ማዶ ወረደልኝ! ኪኒኑ ይቅር!»

«ባለቤቴም አንድ ቀን ወረደልኝ ብሎ ነው መድኃኒቱን ያቆመው፣ ጋሽዬ» አልኳቸው።

የለበስኩትን ጥቁር አይተው ኪኒኑን ከኪሳቸው አወጡ። «በየቀኑ ነው የሚዋጠው?» አሉኝ።

«በየቀኑ። ደህና ነኝ ባሉበትም ቀን።»

«በይ ውሃ ስጪኝ!»

ዋጡት! እውነቴን ነው፣ ዓይኔ እያየ ዋጡት! ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቀው ሴትዮ፣ እዚያው ሱቄ ውስጥ እልልታዬን አቀለጥኩት።