ኢንጂነሩን አላሳልፍ ያለው ደረጃ

ትናንት በሕልሜ ቤቶች ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚፈርስ ሰው ይመርጡ ነበር። ሰዎቹ ግንባራቸው ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ተደርጎባቸው ቆመዋል። የሰፈራችን ባለሰገነት አሮጌ ቤት መነጽሩን በረንዳው ላይ ሰክቶ የአንድን ሹም ሆድ ኳ ኳ አደረገ።

«ውስጡ ባዶ ነው፤ ይፍረስ።»

«ኧረ እኔ ቅርስ ነኝ!» አለ ሹሙ።

«ቅርስ ከሆንክማ ፊትህን ብቻ እናስቀርልሃለን።»

ዞር ስል እኛ የነደፍነው ሕንፃ ውስጥ ነኝ፤ ከታች ሱቅ፣ ከመሐል ቢሮ፣ ከላይ መኖሪያ። ደረጃውን የሳልኩት እኔ ፈትለወርቅ ነኝ፤ ፕላን ማተሚያ ቤት ከጣላቸው ወረቀቶች ላይ ሙያውን ለቅሜ የተማርኩት። የሬሳ ሳጥን ሳይጋደል እንዲዞርበት አድርጌ ነው ያሰፋሁት። አለቃዬ ኢንጂነር ልዑልሰገድ ግን ሊያጠብበውና አንድ ሱቅ ሊጨምርበት ፈለገ። ሁለት ዲግሪ ይዞ አንድ ሬሳ አላሰበም።

እዚያ አገር ፕላን በማኅተም አይጸድቅም። ነዳፊው ሳጥን ውስጥ ይተኛል፤ ዕድርተኞች ተሸክመው በገዛ ደረጃው ያወርዱታል። ደጅ ከደረሰ ጸደቀ።

«ይግቡ ኢንጂነር፤ ጫማዎን ያውልቁ፤» አሉት የዕድራችን ሊቀመንበር እትዬ ሙሉእመቤት።

ሳጥኑ እሱ ባጠበበው ደረጃ ሦስተኛ ፎቅ ማዞሪያው ላይ ተቀረቀረ።

«ወደ ግራ!»

«ግራው ሱቅ ነው!»

«አቁሙት እስቲ!»

«ማነው ይሄን የሳለው?»

«ሟቹ!»

ከታች ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛው ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ ንፍሮውን ጨረሰ። ከለቀስተኞቹ ሁለቱ እዚያው ተዋወቁና ተጋቡ።

«እግሬን እጠፉት!» ብሎ ጮኸ ኢንጂነሩ ከሳጥኑ ውስጥ። «ሱቁን ግን እንዳትነኩ!»

«ዝም ይበሉ እንጂ፤ ሬሳ ይከራከራል እንዴ?» አሉ እትዬ ሙሉእመቤት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ነይ ፈትሌ፣ ተኚ።»

እንደ ሙሽራ ተኩራርቼ ተኛሁ። በእኔ ደረጃ ሳጥኑ ግድግዳ ሳይነካ ዞረ። እንዲያውም ፍራሽ የተሸከመ ሰው «እንዴት አደራችሁ» ብሎን ባጠገባችን አለፈ። አሮጌው ቤት በመስኮቶቹ አጨበጨበ።

«ጸድቋል! ቀብሩ ይቀጥል!» አለ።

«ኧረ እኔ አልሞትኩም!»

«እሱ የግል ጉዳይሽ ነው።»

ስልኬ ጮኸና ባነንኩ። ነግቷል። ኢንጂነሩ ነው።

«ፈትለወርቅ፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ ፕላኑ ጸደቀ!»

«ከነደረጃው?»

«ደረጃውን ሰባ ሳንቲ ሜትር ቀነስንለት።»

«ታዲያ ሰው ሲሞት በየት ይወርዳል፣ ኢንጂነር?»

«በሊፍት ነዋ።»

«ሊፍቱ መቼ ይገባል?»

«በሁለተኛው ዙር።»

«እስከዚያውስ?»

«እስከዚያው ከሁለተኛ ፎቅ በላይ መሞት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ እንለጥፋለን። አንቺ ጻፊው፤ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል።»