የሐጂ ሙሜ ቡናና ዳኛው ድስት

ባለፈው ጥር፣ ሐረር አጠገብ ባለችው በድሬ ጠያራ፣ በሐጂ ሙሜ ማሳ ላይ ሁለት ድስቶች ተደፉ። አንዱ ቡናው ሥር፣ ሌላው ጫቱ ሥር። ዜናው ይኸው ነው። የቀረው ማብራሪያ ነው። ማብራሪያ ደግሞ ሁልጊዜ ከዜናው ይረዝማል።

ድስት የምለው ሰፈሩ ድስት ስላለው ነው። መሣሪያውን ያመጡት ሰዎች ሌላ ስም አላቸው፤ ረጅም ነው፣ ለእናንተም ለእኔም አይጠቅምም። መልኩ ግን የተደፋ ነጭ ድስት ነው። ጎኑ ላይ ሽቦ፣ ከሽቦው ጫፍ ሳጥን፣ ከሳጥኑ በላይ የፀሐይ ሰሌዳ። በየጊዜው ራሱ ይነሳል፣ ራሱ ይደፋል። ሲደፋ ከአፈሩ የሚወጣውን አየር ይይዝና ምን ያህል ካርቦን እንዳለበት ለክቶ ከተማ ላለች ተመራማሪ ይልካል። መሬት ይተነፍሳል ማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማ እኔም ሳቅሁ። እናንተስ አልሳቃችሁም?

ከነገሩ ጋር የተዋወቅሁት ለዜና በሄድኩበት፣ ሐረር ውስጥ፣ አንድ አዳራሽ ነው። ስብሰባው ስለ ካርቦን ዑደት ነበር። ከማናውቀው ነገር ውስጥ የቱ ጥናት ይቅደም? ጥያቄው ይህ ነው። ቅደም ተከተል ማውጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኛ ዘንድ በር ላይ እንኳ «አንተ ቅደም»፣ «የለም አንተ» ሲባባሉ ምሳ ይቀዘቅዛል። አንዱ ደን ይቅደም አለ። አንዷ አፈር ይቅደም አለች። አንዱ ባሕር ይቅደም አለ፤ ሐረር ላይ ስለ ባሕር የሚከራከር ሰው ያሳዝናልና ማንም አልተቃወመውም። በመሐል መብራት ጠፋ። ከአዳራሹ ኋላ ጄኔሬተር ተነሳ። ጭሱ በመስኮት ገባ። ሰብሳቢው መስኮቱን አዘግተው ስለ ካርቦን ውይይቱን ቀጠሉ። የመጨረሻው ነጥብ «የሰው ባህርይ» የሚል ነበር። እሱ ላይ ሲደረስ ምሳ መጣ። የሰው ባህርይ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ከዚያ ስወጣ ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ኤረር በር ጋ ከሰል የምትሸጥ ደንበኛዬን አገኘኋት። ስለ ምን ነበር ስብሰባው? አለችኝ። ስለ ካርቦን አልኳት። ካርቦን ደግሞ ምንድን ነው? አለች። ከፊቷ የቆመውን ጆንያ በጣቴ አሳየኋት። ጆንያውን አየች፣ እኔን አየች።

«ታዲያ እኔን ሳይጠሩ?» አለች።

 

አፈር ይቅደም ያለችው ተመራማሪ ዶክተር ሰላማዊት ናት። ድስቶቹ የሷ ናቸው። የመጀመሪያውን ሐኪም ጋራ ላይ ተክላው ነበር፤ ክዳኑን ጅብ ወሰደው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የኛ ጅብ ግን እዚሁ የታወቀ ስለሆነ ማንንም አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ ድስቶቹን ጥሩ አጥር ያለው ሰው ጋ ለመትከል ወሰነች። ድሬ ጠያራ ውስጥ ጥሩ አጥር ያላቸው ሐጂ ሙሜ ናቸው። ጥሩ ጠብም ያላቸው እሳቸው ናቸው። ይህን ግን የነገራት የለም።

ጠቡ ከልጃቸው ከጀማል ጋር ነው። ሐጂ ሙሜ ከአባታቸው የወረሱት ቡና አላቸው። ጀማል ከማሳው ዳር ጫት ተክሏል፤ ቡናውም ተነቅሎ ጫት ይተከል ባይ ነው። ቡና በዓመት አንዴ፣ ያውም ዝናብ ደስ ካለው፤ ጫት ግን ውሃ ካገኘ ደጋግሞ ይቀጠፋል ይላል። እውነቱን ነው። ሐጂ ደግሞ ጫት ዛሬን እንጂ ነገን አያውቅም፣ ቡና ግን አባቴንም አብልቷል ይላሉ። እሳቸውም እውነታቸውን ነው። ችግሩ ማሳው አንድ ነው።

በቀጥታ ከተነጋገሩ ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በአንድ ገበታ ይበላሉ፤ ንግግሩ ግን በእናትየዋ በአዴ ፋጡማ በኩል ያልፋል። እኔ ባለሁበት እንዲህ ሆነ፦

«ፋጡማ፣ ለልጅሽ ንገሪው። ያ ቡና በዕድሜ ይበልጠዋል።»

«እማ፣ ለአባ ንገሪው። በዕድሜ ከሆነ ድንጋዩ ከቡናውም ይበልጣል።»

አዴ ፋጡማ የማንንም ለማንም አልነገሩም። «ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ፤ ብሉ» አሉ።

ዶክተር ሰላማዊት የመጣች ቀን ነገሩን በደንብ አስረዳች። ካርቦንን እንደ ነጋዴ አስቡት አለች። ነጋዴ በጁገል ግንብ በር ይገባል፣ ከተማ ውስጥ ያድራል፣ በሌላ በር ይወጣል። ካርቦንም ከአየር በቅጠል ይገባል፣ አፈር ውስጥ ያድራል፣ በአፈሩ ትንፋሽ ይወጣል። ሰማይ ላይ ሲበዛ ሙቀት ይጨምራል፣ ዝናብ ይዛባል። ስለዚህ ካርቦኑን ይዞ የሚያቆይ መሬት ጥሩ ነው።

«ሲያድር የአልጋ ይከፍላል?» አለ ጀማል።

ሐጂ ሙሜ አልሳቁም። እያሰቡ ነበር። ከዚያ ፍርድ አመጡ። ጎረቤቶች ባሉበት፣ በሽማግሌ ፊት፣ እንዲህ አሉ፦ የቡናው ድስት ብዙ ትንፋሽ ካስወጣ ቡናው ከዝናብ በፊት ይነቀል። የጫቱ ድስት ካስወጣ ደግሞ ቡናው ይቀመጥ፤ ልጁም ዳግመኛ አያንሳው። ጀማል በእናቱ በኩል ተስማማ። ስምምነቱን ለማጽናት ፋቲሓ ተቀራ።

ዶክተሯ ደነገጠች። «ሐጂ፣ ይሄ መሣሪያ ለዚህ አልተሠራም» አለች።

«ልጄ፣ ዳኛስ ለዚህ ተወለደ? ግን ይፈርዳል።»

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ዶክተሯ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ተቀይሯል። ስልኳ ላይ የጫቱን ትንፋሽ የሚያሳየው መስመር ደልዳላ ነው አለች። ቀን ሲሞቅ ትንሽ ከፍ፣ ማታ ሲበርድ ትንሽ ዝቅ። የቡናው ግን በቀን አምስት ጉብታ አለው። አምስት! በየቀኑ! መሣሪያውን ቀየረች፤ አምስት። ሽቦውን ቀየረች፤ አምስት። የጉንዳን ቤት ይሆን? የሥር ጠባይ ይሆን? አለቆቿ ተደስተው ነገሩ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ጥናቶች ተርታ ይግባ ብለዋል። ደን ይቅደም ያለው ሰውዬ እንኳ ዝም ብሏል።

ጉብታዎቹ በስንት ሰዓት ላይ ናቸው? አልኳት። ነገረችኝ። አንዱ ጎሕ ሲቀድ፣ አንዱ እኩለ ቀን አለፍ ሲል፣ አንዱ ከሰዓት በኋላ፣ አንዱ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አንዱ ከሱ ቀጥሎ። እሷ ሌላ አገር ነው ያደገችው፤ ሰዓቶቹ ምንም አላሏትም። ሐረር ላደገ ሰው ግን ይህ ምን ማስላት ይፈልጋል?

ድሬ ጠያራ ስንደርስ ሰፈሩ ቀድሞን ደርሶበታል። የሐጂ ሙሜ መሬት ይሰግዳል ተብሏል። ሰው ከሩቅ እየመጣ አጥሩ ላይ ቆሞ ቡናውን ያያል። አንዱ ሽማግሌ፣ ፍጡር ሁሉ በተስቢሕ ፈጣሪውን ያወድሳል፣ ድስቱ ገና ዛሬ ሰማ እንጂ፣ አሉ ተባለ። ሐጂ ራሳቸው «አስተግፊሩላህ፣ እንዲህ አትበሉ» ይላሉ፤ ሲሉ ግን ጢማቸውን ያስተካክላሉ። ጀማልን ምንም አልመሰለውም። «እማ፣ ለአባ ንገሪው። መሬቱ ይስገድ፣ ደስ ይለናል። ቡናው ግን በስምምነታችን መሠረት ይነቀላል።»

ይህ ነው የከፋው። መሬቱ የተከበረ ነው፤ ግን ተሸናፊ ነው። ሐጂ ማታ ማታ ብቻቸውን በቡናው መሐል ሲዞሩ ይታያሉ አሉኝ አዴ ፋጡማ፤ ግንዱን እየነኩ።

እኔ በተአምር ላይ ዜና አልጽፍም። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር። ከዶክተሯ ጋር ቡናው ሥር ተቀመጥንና የእኩለ ቀኑን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ጠበቅን። ብዙም አልቆየ፤ ሐጂ ሙሜ ማንቆርቆሪያ ይዘው እያነከሱ መጡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ መስጊዱ ዳገት ላይ ስለሆነ ከጁምዓ በቀር ቤታቸው ነው የሚሰግዱት። ድስቱ አጠገብ ካለው ቡና ሥር ቁጢጥ ብለው ለሶላት ውዱእ ያደርጉ ጀመር። እጅ፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት። ውሃው በቡናው ሥር አልፎ፣ በድስቱ ሥር ገባ።

«ሐጂ፣ ሁልጊዜ እዚህ ነው?» አልኳቸው ሲጨርሱ።

«ውሃ ማባከን ደግ አይደለም። ወንዝ ዳር ብትሆንም። ከኔ የተረፈው ለቡናው ነው።»

«ከስንቱ ቡና ይህኛውን ለምን መረጡ?»

ድስቱን በአገጫቸው አመለከቱ። «እንግዳ አይደል? ብቻውን ይዋል?»

የዶክተሯ ስልክ ላይ መስመሩ ሽቅብ ወጣ። አየችው። አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን አሉ። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ አንቀላፍተው ይቆያሉ። ድንገት ውሃ ሲያገኙ ነቅተው ይበላሉ፣ ይተነፍሳሉ። ያ ነው ጉብታው።

«ጾመኛ ሲያፈጥር ማለት ነው» አሉ ሐጂ። ደስ አላቸው። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። «ቆይ። ታዲያ ቡናዬን ያስፈረድኩበት እኔ ነኝ?»

«አዎ ሐጂ።»

«በውዱእ?»

«በውዱእ።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አሉና ባዶውን ማንቆርቆሪያ እንደ ሐሰተኛ ምስክር አዩት።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ተቀመጡ። ጀማልም ነበር። ዶክተሯ ሁሉንም ደግማ ተናገረች፦ ውሃ የፈሰሰበት ድስት ይሸነፋል። ልኬቱ ከሀ ይጀመር ተባለ። ሐጂ ከዛሬ ጀምሮ ውዱኤን ደጃፍ ባለው ድንጋይ ላይ ነው የማደርገው ብለው ቃል ገቡ፤ ውሃው ወደ ዱባው ይሄዳል። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጀማል አልሳቀም። ድስቱን ያይ ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ። ዶክተር ሰላማዊት ናት። የቡናው መስመር ደልዳላ ሆኗል አለች።

«እሰይ» አልኩ።

«ጫቱ ጉብታ አወጣ።»

ምን ብዬ እንዳሰብኩ ልደብቃችሁ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ አሰብኩ። የሚጠቀመው ማነው? ሐጂ ሙሜ። ማንቆርቆሪያ ያለው ማነው? ሐጂ ሙሜ። ውሃ ድስት እንደሚያሸንፍ የተማረው ማነው? ከደጃፉ ድንጋይ እስከ ጫቱ ስንት እርምጃ ነው? ለታመመ ጉልበትም ቅርብ ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሄድን። ግን ሐጅ ያደረገን ሽማግሌ «በውዱእ አጭበርብረዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ማነው? ስለ ዝናቡ ጠየቅሁ። ስለ ጉልበታቸው ጠየቅሁ። ስለ ዱባው ጠየቅሁ፤ ዱባው በጣም ደህና ነው። ዶክተሯ ሰለቻትና ስልኳን ከፍታ የጫቱን መስመር ሰጠቻቸው።

ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉ። በጣታቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።

«አራት ነው።»

«አራት ነው» አለች።

«ዙሁር አለ። ዐስር አለ። መግሪብ፣ ዒሻእ።» ቀና ብለው አዩኝ። «የጎሑ ሱብሒስ የት አለ?»

እኔና ዶክተሯ ተያየን።

«ታዲያ እኔን ነው የጠረጠራችሁ? ጋዜጠኛ፣ ሱብሒ የሚያልፈኝ ሰው ነኝ?»

አዴ ፋጡማ ከውስጥ ሆነው ሰምተዋል። «በሱብሒ ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው የሱ ሳል ነው!» አሉ። «ከዚህ ቤት ሱብሒን የሚተኛ አንድ ሰው ነው።»

ሁላችንም ወደ አንድ በር ዞርን። በሩ ዝግ ነው። ጀማል ማታ በጫት በርጫ ላይ ያመሽና ጠዋት አይነሳም። ጁምዓን አያሳልፍም፤ ሌላውን ቀን አላህ ያውቃል ይባልለት ነበር። ተቀሰቀሰ። ዓይኑን እያሸ ወጣ። ስልኩን አሳየነው።

«ውሃ እንዳይባክን ነው» አለ። «ጫቱ ውስጥ ነው የምውለው። እዚያው ውዱእ አደርጋለሁ። አባ ራሱ ያስተማረኝ ነው።»

«ውሃ የፈሰሰበት ድስት እንደሚሸነፍ ረስተህ ነው?» አለችው ዶክተሯ።

ጀማል መሬት መሬት አየ። «አልረሳሁም» አለ።

እኔ የምጽፈው የታየውንና የተሰማውን ነው። ልብ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ስለዚህ የማውቀውን ልንገራችሁ፦ ጫቱ ተሸነፈ። እንዲሸነፍ ያደረገውም የጫቱ ጌታ ራሱ ነው። ቡናው አልተነቀለም። ሐጂ ሙሜ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። አላመሰገኑም፣ አልመረቁም።

«ፋጡማ» አሉ፣ «ለልጅሽ ንገሪው። ሱብሒም ውሃ ይፈልጋል።»

የዶክተሯ ልኬት በሙሉ ተበላሽቷል። እሷ ግን አላዘነችም። በቀጣዩ ስብሰባ ተነስታ ከአፈርም ከደንም ከባሕርም በፊት የሰው ባህርይ ይጠና አለች። ምክንያቱን ስታስረዳ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ነጥቡ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ወጣ። ባሕር ይቅደም ያለው ሰውዬ ብቻ በሐሳቡ ጸንቷል። ከሰል ሻጯ አሁንም አልተጠራችም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እውነቱ ከጠራ ወዲያ ድስቶቹ እዚያው ቆይተዋል፤ ሐጂ አይነሱ ብለዋል። ባለፈው ሳምንት ዶክተሯ የጫቱን መስመር ላከችልኝ። አምስተኛ ጉብታ በቅሎበታል። ሰዓቱን አየሁ፤ ረፋድ ላይ ነው። ወስጄ ለሐጂ ሙሜ አሳየኋቸው። ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ ዝጉ በር ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጀማል! ይሄ ሱብሒ ነው ወይስ ዙሁር?»

አዴ ፋጡማ ገበያ ሄደው ነበር። ከዓመት በላይ ከቆየው ዝምታ በኋላ፣ ያለሳቸው አስተላላፊነት፣ አባት ለልጁ በቀጥታ የተናገረው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው።