የወፍጮ ቤቱ ጉርድ ፎቶ

በየመንደሩ ሰውን ከሥራው የሚያስቀር አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ወሬ ይዞ ያስቆምሃል፣ ሌላው ምክር ይዞ። የእኛው ግን ካሜራ ይዞ ነው።

ክቡርነታቸው «አንዴ ብቻ» ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ የለም። «አንዴ ብቻ ቀና በል!» እያሉ አርባ ጊዜ ስለሚያነሱን ይኸው ስም ሆኖ ቀረ። ተራ ፎቶ አንሱኝ ማለት እሳቸውን መስደብ ነው። «ቀጥ ብሎ መቆምማ ምሰሶም ይችላል» ይላሉ።

ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ አህያ ቦይ ውስጥ ወደቀች። ስድስት ጎልማሶች ወገባችን እስኪቆረጥ ጎትተን አወጣናት። ክቡርነታቸው እያለከለኩ ደረሱና ጭቃ በጭቃ መሆናችንን አይተው ራሳቸውን ያዙ።

«በሞቴ፣ አንዴ ብቻ መልሷት! ፀሐይዋ ገና አሁን ነው የወጣችው!»

የአህያዋን ባለቤት አራት ሆነን ያዝነው። ሚስቴንም ሌላ ቀን እርጥብ ብርድ ልብስ አስይዘው «ነፋስ እስኪመጣ» ብለው አቆሟት። ብርድ ልብሱ እጇ ላይ እንዳለ ደረቀ።

እኔ ባለወፍጮ ነኝ። ፈቃዴን የማሳድሰው እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ድረስ ነበር፤ ካለፈ ወፍጮው ይታሸጋል። የጎደለኝ አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ዓርብ በማለዳ፣ ሌላ ማን አለና፣ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ነጭ ግድግዳ፣ ቀጥ ያለ ፊት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ነጭ ግድግዳ?» አሉ መርዶ እንደሰማ ሰው። «አንተን የሚያህል ባለወፍጮ? ነጩን ለእኔ ተወው።»

መሮጥ የነበረብኝ ያኔ ነው። ወፍጮ ቤቴ ድረስ ይዘውኝ ሄደው ነጭ አንሶላ ሰቀሉና ዱቄት አስጨብጠው «ወደ ላይ በትነው!» አሉኝ። በተንኩ። «አንዴ ብቻ!» ደገምኩ። በአሥረኛው ላይ አስነጠሰኝ።

«ያዝኩህ!» ብለው ዘለሉ። ወዲያው በትንሿ ማተሚያቸው አትመው በፖስታ ከተቱልኝ። እኔም ሳላየው ወደ አውቶቡሱ በረርኩ።

ለስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀር የፈቃድ ክፍሏ ጸሐፊ ፖስታውን ከፈተች። አየችው። ገለበጠችው። እንደገና አየችው።

«ጋሼ፣ ሰውየው የታሉ?»

ነጭ አንሶላ፣ ነጭ ዱቄት፣ ነጭ እኔ። የሚታየው ሁለት የተጨፈኑ ዓይኖችና አንድ የተከፈተ አፍ ነው። የልጆቼ ጉሮሮ ሲዘጋ ታየኝ። የጸሐፊዋ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አልቻለችም፣ በሳቅ ፈነዳች። ባልደረቦቿን ጠራች። ዘበኛው ሳይቀር መጣ። በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ እንባውን እየጠረገ ብቅ አለ።

«እንዲህ ከሳቅኩ ዓመት አልፎኛል። እስከ ሰኞ ሰጥቼዎታለሁ፤ ይቺን ግን አልመልስም» አለና ፎቶዬን ከጠረጴዛው መስታወት ሥር አኖረው።

ሰኞ ዕለት ከተማ ውስጥ የተነሳሁት ጉርድ ፎቶ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ፈቃዱ ላይ የተለጠፈውም እሱ ነው፤ ጥርሱን ሊነቀል የተሰለፈ ሰው ይመስላል።

አውቶቡሱ ውስጥ ለክቡርነታቸው የሚሆን ስድብ ስደረድር መጣሁ። ስደርስ ወፍጮ ቤቱ ደጅ እህል የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። እሳቸውም አሉ፤ ሰልፉን ከላይ ላንሳ፣ ጣሪያ ካልወጣሁ ብለው መሰላል ታቅፈዋል። ያን ሁሉ የደረደርኩትን ስድብ ምን እንደዋጠው እንጃ። ሳያቸው ሳቄ መጣ፤ ለካ እወዳቸዋለሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ወፍጮውን አታስነሳም እንዴ? ልጆቻችን ጦማቸውን ነው ያሉት!» ብለው ሴቶቹ ጮኹብኝ።

«ቆዩ እንጂ እናንተ! ብርሃኑ ሊያመልጠን ነው!» አልኳቸው፣ መሰላሉን በሁለት እጄ እንደያዝኩ።