ዓይኑን ታስሮ ወደ ሐብሐብ የዘመተው የሞሪሂኮ ዜና

በፀሐይ መውጫ አገር፥ ሬይዋ በተባለው ዘመነ መንግሥት በሰባተኛው ዓመት፥ ሞሪሂኮም የአባቱን ስም ትቶ፥ የሚስቱን ቤተሰብ ስም ለብሶ፥ በአማቱ ጣራ ሥር መኖር በጀመረ በአሥራ አንደኛው ዓመት፥ በወርኀ ነሐሴ በአሥረኛው ቀን፥ ፀሐይ በወጣች በሁለት ሰዓት፥ ሠራዊቱን በአንዲት ትንሽ መኪና ጭኖ ወደ ዋካሳ ባሕር ዘመተ። ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ፥ እኛ ካልጻፍንለት ሌላ የሚጽፍለት የለምና።

ይህ ሞሪሂኮ፥ የወረቀት ፋብሪካ ትሑት ጸሐፊ፥ የሰማያዊ ምንጣፍ አንጣፊ፥ የጎማ ዳክዬ በትንፋሹ ነፊ፥ ሰው አስቀይሞ የማያውቅ፥ አንድ ነገር አንጀቱን ይበላው ነበር። አማቱ እቴጌ ፉሳኮ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በስሙ ጠርተውት፥ ወይም እንደ ሰው አማት «ልጄ» ብለውት አያውቁም። «የቺዙሩ ባል» ይሉታል፤ ሲቆጡ «ያ ሰውዬ» ይሉታል፤ ደስ ሲላቸውም ያው «ያ ሰውዬ» ነው፥ ድምፃቸው ብቻ ለስለስ ይላል። እሱም ቧንቧ ጠገነ፥ ጣራ ላይ ወጥቶ በረዶ ጠረገ፥ ትከሻቸውን አሸ። ያቺ ቃል ግን አልወጣችም።

የተከተሉትም እነዚህ ናቸው፦ ሚስቱ ቺዙሩ፥ ባለ ሰፊ ባርኔጣ፥ የሩዝ ድቡልቡልና የገብስ ሻይ ጠባቂ፤ የስምንት ዓመት ልጁ ኮቶኔ፥ ባለ ሁለት ባልዲ፤ አየር የምታፈስ አንዲት የጎማ ዳክዬ፤ በኋለኛው ወንበር ደግሞ እቴጌ ፉሳኮ ራሳቸው፥ ሐብሐባቸውን እንደ አራስ ልጅ አቅፈው። ይህን ሐብሐብ በጓሯቸው ገለባ አንጥፈው፥ በየጧቱ እያገላበጡ ያሳደጉት ነበር። በዚያ አገር ነሐሴ በጋ ነውና፥ ዓይን ታስሮ የሌሎችን ጩኸት እየተከተሉ ሐብሐብ በበትር መፈርከስ የባሕር ዳር ጨዋታ ነው። በእቴጌይቱ ቤት ሥርዓት ግን ሐብሐብ የሚመታበት በትር የአባወራው ነው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ አሥር በጋ በትሩን ራሳቸው ይዘውት ኖረዋል፥ ለማንም አላስነኩም።

ወእምዝ ሠራዊቱ ከአሸዋው ደረሰ። የዚያ ባሕር ጥልቀት መቶ እርምጃ ገብተውበት ከጉልበት አያልፍም፥ ስለዚህም ሕፃን ያለው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል፥ ምንጣፍም ከምንጣፍ ይነካካል። ሞሪሂኮ ሁለት ጊዜ ግራ ቀኙን ይቅርታ ጠይቆ ምንጣፉን ዘረጋ፤ ሁሉም ነጠላ ጫማቸውን ከጠርዙ ላይ አወለቁ፥ አፍንጫውንም ወደ ባሕር አዙረው ደረደሩ። ከጠባቂው ማማ ላይ በድምፅ ማጉያ አዋጅ ወጣ፦ «ቢጫ ኮፍያ ያደረገች የሦስት ዓመት ልጅ እኛ ጋ አለች! ስሟን ስንጠይቃት ‹ጥንቸል ነኝ› ትላለች። የጥንቸሏ እናት፥ ኧረ በፈጠረሽ ነይ!»

በቀትርም እቴጌ ፉሳኮ ተነሥተው፥ በፋሻ የተጠቀለለ የእጃቸውን አንጓ ከፍ አድርገው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስሙ! ዘንድሮ እጄ አልታዘዘኝም። በትሩን ለቺዙሩ ባል ስጡት። አንድ ምት ብቻ! ፈርጦ አሸዋ ከነካው አልቀምሰውም፥ ቁርጡን ነግሬሃለሁ!»

ሞሪሂኮ ነጠላ ጫማውን ተጫምቶ፥ ጎንበስ ብሎ በትሩን በሁለት እጁ ተቀበለ። ሐብሐቡ በሃያ እርምጃ ርቀት በቁራጭ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ፤ የጀግናው ዓይን በፎጣ ታሰረ፤ ሦስት ጊዜ ተሽከረከረ። የዚያን ጊዜ ኮቶኔ በቀኝ ጮኸችና ቀኛዝማች ሆነች፥ ቺዙሩም በግራ ጮኸችና ግራዝማች ሆነች። የቀኛዝማቿ አዋጅ፦ «አባዬ በቀኝ! ሩዝ የምትበላበትን እንጨት የምትይዝበት እጅህ እኮ ነው!» የግራዝማቿ አዋጅ፦ «ኧረ በግራ! በግራ! ምን ነካህ አንተ ሰው!» ጎረቤት ምንጣፎችም ዝም አላሉም፦ «ቀጥ በል ወንድሜ፥ ቀጥ!» በፍራፍሬ ጭማቂ የራሰ በረዶ የሚሸጠውም፦ «ወዲህ ና ጌታዬ፥ ባለ እንጆሪው አለ!»

ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን ሰምቶ ሌላውን ይተው ነበር። ሞሪሂኮ ግን የጠራውን ሁሉ እንዳያስቀይም ለእያንዳንዱ አንድ አንድ እርምጃ አደላደለ፥ ከሐብሐቡም ራቀ። በመጨረሻ እግሩ የምንጣፍ ጠርዝ ነካ፥ ደረስኩም አለ። የደረሰው ግን አንድ መላጣ አዛውንት ሁለት ቢራ ጠጥተው፥ ራሳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ከሚያንኮራፉበት የሰው ምንጣፍ ላይ ነበር።

ወኮነ ዐቢይ ዛኅን፤ ጩኸቱ ሁሉ ከድንጋጤ የተነሣ ጸጥ አለ። ሞሪሂኮም ጸጥታውን «ልክ ነህ» እንደማለት ቆጥሮ በትሩን አነሣ። ይሁን እንጂ በጫማ ምንጣፍ አይረገጥምና፥ ያቺን የክብር ሰዓት አቁሞ፥ በትሩን ዝቅ አድርጎ፥ አንዱን ጫማ አወለቀ፥ ሁለተኛውንም አወለቀ፥ ጎንበስ ብሎ በዳበሳ አፍንጫቸውን ወደ ባሕር አዞረ፥ ለሐብሐቡም «ይቅርታ፥ ልገባ ነው» ብሎ እጅ ነሣ። ከዚያ በኋላ ብቻ በትሩን እስከ ሰማይ ሰቀለ።

በዚያች የጫማ ሰዓት እቴጌ ፉሳኮ፥ የሰባ አራት ዓመት ባልቴት፥ ጉልበታቸው ደረጃ እንኳ የማያስወጣቸው፥ ሁለት ምንጣፍና አንድ የአሸዋ ግንብ ዘለው እየሮጡ መጡ፥ በባሕሩ ሁሉ የተሰማውንም አዋጅ አወጁ፦ «ልጄ! ቁም ልጄ! ሰው ነው! የሰው ጭንቅላት ነው!»

በትሩ አየር ላይ ቀረ። አዛውንቱ ነቁ፤ በላያቸው በትር የሰቀለ ሰው፥ ከእግራቸው ሥር ደግሞ በሥርዓት የተደረደረ ጫማ አዩ። ጫማውን አውልቆ የገባ እንግዳ ነውና ቁጭ ብለው «ይግቡ፥ ይግቡ፥ ቢራ ይቅመሱ» አሉት። ሞሪሂኮ ግን አልሰማቸውም። ፎጣውን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አማቱን ያይ ነበር፥ ዓይኑም እንባ ሞልቶ ነበር። እቴጌይቱ ፊታቸው ቀልቶ፦ «ምን ታፈጥብኛለህ? ደንግጬ ነው!» አሉ።

ታሪክ ሐሰት አይወድምና የሆነውን እንጽፋለን፦ ሞሪሂኮ ተመልሶ ሐብሐቡን ዓይኑን ገልጦ መታው፥ ሳተውም፤ ደግሞ መታው፥ አንከባለለው፤ በሦስተኛው ፈረጠ፥ ገሚሱም አሸዋ ላይ ወደቀ። ኮቶኔ አያቷን አየች። እቴጌ ፉሳኮ ግን አሸዋ የነካውን ቁራጭ ራሳቸው አነሡ፥ ንጹሑን የመሐል ቁራጭ ለሞሪሂኮ ሰጡ፥ የያዙትንም አሸዋውን በጥርሳቸው እያንቀጫቀጩ ጨረሱ።

ፎጣውንም እስከ ማታ ከግንባሩ አላወለቀምና፥ ፊቱ ሁሉ ቀልቶ በግንባሩ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ቀረበት፤ በፋብሪካውም ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህን ዘውድ ደፍቶ ዋለ፥ የሥራ ባልደረቦቹም ጨዋዎች ናቸውና ማንም አልጠየቀውም። ክብር ለሞሪሂኮ፥ ዓይኑ ታስሮ ጫማውን ላልረሳ፥ ሐብሐብ ሊፈልግ ወጥቶ እናት ላገኘ! ከባሕር በተመለሱ ማግስት ጧት እቴጌይቱ ከጓዳ ሆነው ተጣሩ፦ «የቺዙሩ ባል! ሻይ ቀርቧል... አትሰማም እንዴ፥ ልጄ?» ሰምቶ ነበር፤ ድጋሚ እንዲሉት ብሎ ነው ዝም ያለው።