ለቻይናው ያሰፋሁት ልብስ

ስለ ቻይና አውቃለሁ የሚል ሐበሻ ሁሉ ውሸታም ነው። የመጀመሪያው ውሸታም እኔ ነኝ፤ ሌሎቹን ፈልጋችሁ አታጧቸውም።

እንዴት አወቅህ አትሉኝም? በማታ ተማሪነቴ ዘመን ከቻይና የሚመጡ ባለቀለም መጽሔቶች ነበሩ። እንግሊዝኛቸው ስለሚከብደኝ ፎቶውን ነበር የማነበው። በፎቶው ሁሉም ሰው ይስቃል፤ ገበሬው ነዶ ታቅፎ ይስቃል፣ ወዛደሯ መፍቻ ይዛ ትስቃለች። ሁሉም ደግሞ እስከ ጉሮሮ የሚቆለፍ፣ አራት ኪስ ያለው ሰማያዊ ልብስ ለብሰዋል። ከመጽሔቶቹ አንዱን አልጋዬ ሥር አኑሬው ይኸው ሃያ ዓመት አለፈ። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ስለ ቻይና አንድ ነገር አልጨመርኩም። ቢሆንም እዚህ አሥመራ፣ በምሠራበት የመለዋወጫ ዕቃ መደብር፣ የቻይና ነገር ከተነሣ ሁሉም ዞሮ የሚያየው እኔን ነው። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ እናገራለሁ።

እናላችሁ፣ ነጻነት በመጣ ሰሞን፣ ከተማው ሁሉ ሱቅ ልክፈት፣ ወኪል ልሁን ሲል፣ ሚስተር ሊን የሚባል የቻይና ብስክሌት ነጋዴ ለአሥመራ ወኪል ይፈልጋል የሚል ወሬ ጆሮዬ ገባ። እናንተ አዲስ አበቤዎች ዳገታችሁ ስለሚያስፈራችሁ ላይገባችሁ ይችላል… እዚህ ግን ሽማግሌው ቅዳሴ የሚሄደው በብስክሌት ነው። የብስክሌት ወኪል መሆን ማለት የከተማውን እግር መያዝ ማለት ነው።

ሃምሳ ዓመቴ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ሱቅ ስከፍት፣ የሰው ሱቅ ስዘጋ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ከሱቅ በር ላይ የራሴን ስም ተጽፎ ማየት እፈልግ ነበር፤ ሌላ ምኞት አልነበረኝም። በሐሳቤ ለሰሌዳው ቀለም ሳይቀር መርጬለታለሁ፤ ሰማያዊ መደብ፣ ነጭ ፊደል። ስለዚህ ለሚስተር ሊን በሰው በኩል ደብዳቤ ላክሁ። መልሱ ረቡዕ መጣ፤ ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ካረፍኩበት ሆቴል ና ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ብስክሌት ያጠና ነበር። እኔ ከአልጋ ሥር መጽሔቴን አወጣሁ።

«እንግዳ ደስ የሚለው ያገሩን ነገር ሲያይ ነው» ብዬ፣ መጽሔቱን በብብቴ ይዤ እዳጋ ሓሙስ ገበያ ወደሚገኘው ልብስ ሰፊ ወዳጄ ወደ ጎይትኦም ሄድኩ። ጎይትኦም ታጋይ ነው። በሜዳ ዐሥር ዓመት ለጓዶቹ ቁምጣ ሲሰፋ ኖሮ፣ ከነጻነት ጋር የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ከተማ የገባ ሰው። ፎቶውን ብርሃን ላይ አውጥቶ አየው።

«እዚኣ ልብስ… የት ነው የማውቃት?» አለ።

«የቻይና ናት።»

«ለመቼ?»

«ለቅዳሜ ጠዋት።»

«ዓርብ ና» አለና ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ ታጋይ ጥያቄ አያበዛም።

ዓርብ ልብሱ ደረሰ። አራቱ ኪስ አራት፣ አምስቱ ቁልፍ አምስት፣ ኮሌታው ጉሮሮዬን ቀጥ አድርጎ የያዘ። ቅዳሜ ጠዋት ለብሼ መስታወት ፊት ስቆም፣ እንደ መጽሔቱ ገበሬ ፈገግ ለማለት የስንዴ ነዶ ብቻ ነው የቀረኝ። ባለቤቴ ኣብረኸት ከበሩ ሥር ቆማ አየችኝ።

«ኣታ ሰብኣይ፣ ይሄን ለብሰህ ልትወጣ ነው?»

«እወ። ምን ሆነ?»

«ሰው ምን ይላል?»

«ቻይና ይላል።»

አማተበች። ሚስት ስታማትብ ቆም ማለት ነበረብኝ። ግን ዕውቀት ያለው ሰው መቼ ቆሞ ያውቃል?

ከማይ ተመናይ ፌርማታ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ስገባ ጫጫታው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። አንድ ጎልማሳ ብድግ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። አክብሮት መስሎኝ «የቐንየለይ» ብዬ አመስግኜ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ነጠላ የለበሱ እናት ነበሩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ እኔ ትግርኛ የማልችል ይመስል፣ በተሰባበረ አማርኛ፦

«እርስዎ አልሄዱም እንዴ?» አሉኝ።

«ወዴት እማማ?»

«ከጓደኞችዎ ጋር።»

እናንተ ቀድማችሁ ገብቷችኋል። እኔ ግን ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። እስከ ጉሮሮ የሚቆለፍ፣ አራት ኪስ ያለው ሰማያዊ ልብስ አሥመራ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በተባረረው መንግሥት ካድሬዎች ገላ ላይ ነበር። እኔ ከአልጋዬ ሥር ቻይናን ሳወጣ፣ ከተማው የሚያየው ሌላ ሰው ኖሯል።

«ልጄን ፍለጋ ቤቴ የመጡት እንዲህ የለበሱ ናቸው» አሉ እናትየዋ ቀስ ብለው።

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፤ አፈርኩ። በትግርኛ፣ ካድሬ አለመሆኔን፣ የመለዋወጫ ዕቃ ሻጭ መሆኔን፣ ቻይና የሚባል አገር መኖሩን… ያለኝን ሁሉ ዘረዘርኩ። ሰሙኝ። ከዚያ እጅጌዬን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ዳሰሱና «ስፌቱ ግን ጽቡቕ ነው» አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው።

እዳጋ ሓሙስ ወርጄ ጎይትኦም ሱቅ ውስጥ እንደ ሌባ ዘልዬ ገባሁ። የምቀይረው ነገር ስጠኝ አልኩት። ሱቁን ብናገላብጥ የተገኘው የሙሽራ ቀሚስና የልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ነው። ሰዓቱ ደግሞ አራት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«በቃ እኔ አደርስሃለሁ» አለ ጎይትኦም። «ከታጋይ ጋር ስትሄድ ማንም አይነካህም።»

እውነቱን ነው፣ ማንም አልነካኝም። ታጋይ ካድሬ ይዞ ሲሄድ ግን ሕዝቡ ምን እንደሚል ሁለታችንም አላሰብንበትም። ገና ከገበያው ሳንወጣ አንድ ፍሬ ሻጭ ከጋሪው ጀርባ ተነሥቶ «ኣታ ጎይትኦም፣ ኣበይ ሒዝካዮ?» አለ። የት ያዝከው ማለቱ ነው።

«ባዕሉ መጺኡ» አለ ጎይትኦም ሳይቆም። ራሱ መጣ። እንዲህ ብሎ ያተረፈልኝ ቅጽል ስም እስከ ዛሬ እዳጋ ሓሙስ ላይ አለ።

ሆቴሉ ደረስን። ሚስተር ሊን ከአዳራሹ ተነሥቶ መጣ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ግራጫ ሱፍ፣ ቀይ ከረባት፣ ፊት የሚያሳይ ጫማ። አየኝ፤ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ወንበር ተደግፎ ሳቀ። የሁለታችንም እንግሊዝኛ እኩል የተሰባበረ ስለነበር በደንብ ተግባባን።

«አያቴ!» አለ እንባውን እየጠረገ። «አያቴ ይህን ለብሶ ነው የተቀበረው።»

እኔ ግን ሃያ ዓመት ያጠናሁትን ንግግር በሳቅ አላስቀርም። «ጓድ ሊን» ብዬ ጀመርኩ። ስለ ጭቁን ገበሬ፣ ስለ ወዛደር፣ በራስ ስለ መተማመን ተናገርኩ። በትዕግሥት ሰማኝና «በወር ስንት ብስክሌት ትሸጣለህ?» አለኝ።

ይህ መጽሔቱ ውስጥ አልነበረም።

የእሱን ታሪክ ነገረኝ። የመንግሥት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ዕድሜ ልክ የማይነቃነቅ እንጀራ። ያን ጥሎ «ባሕር ገባ»፤ በነሱ አገር የመንግሥት ሥራ ትቶ የሚነግድን ሰው እንዲህ ነው የሚሉት። በእሱ ከተማ ወጣቱ ሞተር ብስክሌት እያማረው ስለሆነ እሱ ለብስክሌቱ ሌላ አገር ይፈልጋል። እኔ የማውቃቸው ሳቂታ ገበሬዎችም ልጆቻቸው ሱቅ ከፍተዋል አለኝ። ያለ እኔ ፈቃድ አገሩ ተለውጧል።

ወሬውን ሳይጨርስ ተነሣና ኮሌታዬን ዳሰሰ። ዞር በል አለኝ፤ ዞርኩ። የትከሻዬን ስፌት በጥፍሩ ፈተሸ።

«ማን ሰፋው?»

በሩ አጠገብ ወደ ቆመው ጎይትኦም አመለከትኩ።

«ከምን አይቶ?»

«ከፎቶ።»

«በስንት ቀን?»

«በሁለት።»

ሚስተር ሊን ለጎይትኦም ወንበር ሳበለትና ሻሂ አዘዘለት። ጎይትኦም እንግሊዝኛ ስለማይችል አስተርጓሚው ማን ይሁን? እኔ። «ባለው ቀን የሚያደርስ ሰው ነው የምፈልገው፤ ወኪሌ ይሆናል ወይ በልልኝ» አለኝ። እዚህ ላይ፣ አልዋሻችሁም፣ አንዲት ቃል ለመቀየር ምላሴ በላችኝ። ማን ያውቅብኛል? ግን የዚያች እናት ዓይን ገና ከፊቴ አልጠፋም ነበር፤ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ማፈር ከበደኝና እንዳለ ተረጎምኩት።

«እኔ የማውቀው መርፌ ነው» አለ ጎይትኦም። «ሓወይ ተስፋይ ይሁን በለው።»

ወንድሜ ተስፋይ ያለው እኔን ነው፤ ይህንንም ተረጎምኩ፤ ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ።

«ጥሩ ሰው ነው» አለ ሚስተር ሊን ወደ እኔ እያየ። «ግን የሚያውቀው አያቴን ነው። ብስክሌት የሚገዛው የልጅ ልጅ ነው።»

በገዛ አፌ፣ በጥሩ ትግርኛ፣ መሸነፌን ለወዳጄ ነገርኩት። ቀናሁ፤ ለምን እደብቃችኋለሁ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ጎይትኦም በመጨረሻ እሺ አለ፤ አሁን ሱቁ ግማሹ መርፌ ግማሹ ብስክሌት ነው። ልብሱን እንዳላየው መለስኩለት፤ እሱ ግን የሥራው ናሙና ነው ብሎ ከደጁ ሰቀለው። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ የማን ካድሬ ልብስ ነው እያለ ሲያስቸግረው፣ የልብስ ሰፊ ጠመኔውን አንሥቶ ከልብሱ ደረት ላይ በትልልቁ ጻፈበት፦ «ናይ ኣቶ ተስፋይ እዩ። ካድረ ኣይኮነን።» የአቶ ተስፋይ ነው፤ ካድሬ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ ቆሜ አየሁት። ስሜ ከሱቅ በር ላይ ተጽፏል። ሰማያዊ መደብ፣ ነጭ ፊደል።